የምድጃው ወናፍ ከላይ ነው

ደብረ ብርሃን ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ቀን ፀሐዩ ጀርባ ይጠብሳል፤ ጀንበር ስትጠልቅ ግን ሙቀቱ ሁሉ ተከትሏት ይሄዳል። ቤቱ ደግሞ ለዚህ ብርድ አልተሠራም። ከላይ ስስ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ የአቡጀዲ ወይም የጆንያ ኮርኒስ፣ ግድግዳው ጭቃ ወይም ብሎኬት ነው፤ በበሩ ሥርም ንፋስ ይገባል። ብዙ ቤት የሚያውቀው መላ አንድ ነው፤ ከሰል አቀጣጥሎ ማንደጃውን ወደ መኝታ ቤት ማስገባት።

የቀላ ከሰል አይጨስም፣ ዓይንም አያስለቅስም፤ ሰው የሚያምነው በዚህ ነው። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ፣ ቀጥሎ እንቅልፍ የሚመስል ድካም ያመጣል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ምልክቱን አያውቀውም። መስኮቱን ትንሽ ገርበብ ማድረግ ይበቃል የሚለው ምክር አያስተማምንም፤ ጋዙን ወደ መስኮቱ የሚስበው ነገር የለምና። በቤት ውስጥ እሳት አንድዶ ማደር የሚፈልግ ሰው በሩ የሚዘጋ ምድጃና በአግባቡ የተተከለ ጭስ ማውጫ ያስፈልገዋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በማገዶ ለሚነድ የብረት ማሞቂያ ምድጃ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ቤት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ለሚኖር ሰው ነው።

ምድጃ የሚያሠራ ሰው አብዛኛውን ገንዘቡን የሚያፈሰው በምድጃው አካል ላይ ነው። ላሜራው ወፍራም ይሁን፣ በሩ ያምር፣ ቀለሙ ይብራ ይላል። የጭስ ማውጫው ቱቦ ግን በመጨረሻ በተረፈው ላሜራና በተረፈው ብር ይሠራል። ከምድጃው ጀርባ ወጥቶ ግድግዳውን ይበሳና ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ግማሽ ሜትር ብቅ ብሎ ይቀራል። ንፋስ ግድግዳውን ሲመታ ጭሱን መልሶ ወደ ቤት ይገፋዋል፤ ንፋስ ባይኖርም አይስብም። ከዚያ በኋላ ጥፋቱ የምድጃው ይባልና ማንደጃው ይመለሳል። ይህ ያሳዝነኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ምድጃው ምንም አልበደለምና።

በቱቦው ውስጥ ያለው ትኩስ አየር ከውጭው ቀዝቃዛ አየር ይቀላል። ቀላሉ ሽቅብ ሲወጣ በምድጃው ማስገቢያ በኩል አዲስ አየር ይከተለዋል፤ እሳቱን የሚያናፋው ይህ ነው። ጭስ ማውጫው የምድጃው ወናፍ ነው ማለት ይቻላል፤ ከላይ ሆኖ እየሳበ ያናፋል። የሚስብበትን ኃይል የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የቱቦው ቁመትና የቱቦው ሙቀት።

የደጋ ሰው በዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ሸክም አለበት። በ2,800 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 30 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ በትኩሱና በቀዝቃዛው አየር መካከል ያለው የክብደት ልዩነትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የውጭው አየር 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የቱቦው ውስጥ አማካይ ሙቀት 150 ዲግሪ ቢሆን፣ 5 ሜትር ቱቦ በባሕር ጠለል ላይ 20 ፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ይስባል። ያው ቱቦ ደብረ ብርሃን ላይ የሚስበው 14 ፓስካል ገደማ ነው። 14 ፓስካል ማለት ውሃን 1.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ የሚያደርግ ግፊት ነው። በሩ የሚዘጋ የማገዶ ምድጃ በደንብ ለመንደድ 12 ፓስካል ያህል ይፈልጋል። ትርፉ ይህን ያህል ጠባብ ነው። ቱቦው ያለ መከላከያ ቀዝቃዛ አየር ውስጥ ቆሞ የውስጡ ሙቀት ወደ 80 ዲግሪ ቢወርድ፣ መሳቡ ወደ 9 ፓስካል ይወርዳል፤ ምድጃውም ይታፈናል። ስለዚህ በሌላ አገር መመሪያ 4 ሜትር ይበቃል የተባለ ቱቦ እዚህ 5 ሜትር ይሁን፤ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ የሚያልፈው ክፍሉም ይሸፈን።

ቦታውን መምረጥ ከሁሉ ይቀድማል። ቱቦው ከምድጃው አናት ቀጥ ብሎ ቢወጣ፣ በተቻለ መጠን ለጣሪያው ጫፍ ቀርቦ ቢበሳ መልካም ነው። ከጫፉ ሲርቅ ከጣሪያ በላይ የሚቆመው ብርድ የሚመታው ክፍል ይረዝማል። ቱንቢ ከኮርኒሱ አውርዶ ወራጅና ማገር የሌለበትን ቦታ ማግኘት፣ ምድጃውን ከዚያ ሥር ማስቀመጥ ነው። ወራጅ ግድ ካገደ 90 ዲግሪ ከሚታጠፍ አንድ ኤልቦ ይልቅ 45 ዲግሪ የሚታጠፉ ሁለት ይሻላሉ። ከምድጃ ጀርባ የሚወጣ ቱቦ ከሆነ ደግሞ አግድሙ አጭር ይሁን፣ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ሽቅብ ይውጣ፣ ወደ ላይ በሚታጠፍበት ቦታ ከሥሩ የሚከፈት የጥላሸት ማውጫ ይኑረው። ሁለት ምድጃ በአንድ ቱቦ አይገናኙም። የእንጀራ ምድጃውም የራሱን ይፈልጋል።

የቱቦው ስፋት ቱቦው የሚገጠምበት የምድጃው አፍ ስፋት ነው፤ ከዚያ ማጥበብ አይቻልም። ለአንድ ሳሎን የሚሆን ምድጃ አብዛኛውን ጊዜ 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። 10 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ትንሽ ብቻ የጠበበ ይመስላል፤ ነገር ግን ውስጡ 79 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው፣ የ15ቱ 177። ከግማሽ በታች ነው ማለት ነው። ማስፋትም ጉዳት አለው፤ ጭሱ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ይቀዘቅዛል። በአዲስ አበባ የድሮ ቪላዎች ውስጥ ባለው የግንብ ጭስ ማውጫ ላይ የብረት ምድጃ የሚቀጥል ሰው የሚያጋጥመው ይኸው ነው። 30 በ30 የሆነ ግንብ 900 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ከታች እስከ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ቱቦ በውስጡ ካልተዘረጋ አይሞቅም።

ለምሳሌ የሚሆን ቤት እንውሰድ። ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.7 ሜትር፣ እስከ ጣሪያው ጫፍ 4.2 ሜትር ነው። ቱቦው ከጫፉ አጠገብ ጣሪያውን የሚበሳው በ3.9 ሜትር ላይ ነው እንበል። የታወቀው ደንብ፣ የቱቦው አፍ ከተበሳበት ቦታ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ በዙሪያው 3 ሜትር ውስጥ ካለ ከማንኛውም ነገር ደግሞ ቢያንስ በ60 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ ይላል። ሁለቱም ስሌት እዚህ 4.8 ሜትር ይሰጣሉ። የምድጃው አናት በ70 ሳንቲ ሜትር ላይ ስለሆነ ይህ 4.1 ሜትር ቱቦ ብቻ ነው። ለከፍታው ሲባል 5 ሜትር እንዲሞላ አፉ 5.7 ሜትር ላይ ይሆናል፤ ከጣሪያው በላይ የሚቆመው 1.8 ሜትር ነው።

የውስጡ ቱቦ 1.2 ሚሊ ሜትር ጥቁር ላሜራ ይሁን፤ አቅም ካለ አይዝጌ ብረት ብዙ ዓመት ይቆያል። የጣሪያ ቆርቆሮ ጠቅልሎ ቱቦ ማድረግ ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ስስ ነው፣ ከምድጃው አጠገብ ሲግል ዚንኩ ይቃጠላል፣ ጭሱም ይጎዳል። የፕላስቲክ ቱቦ ጨርሶ አይታሰብም። የድሮ የአስቤስቶስ ቱቦም አይቆረጥ፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይቀራል። 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ አንድ ላሜራ በ50 ሳንቲ ሜትር ሲቆረጥ አራት ቁራጭ ይወጣዋል። የ15 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ዙሪያው 47 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ለመደራረቢያ 3 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። አንዱ በሌላው ውስጥ 5 ሳንቲ ሜትር ሲገባ ለ5 ሜትር ስድስት ቁራጭ፣ ማለትም አንድ ላሜራ ተኩል ያስፈልጋል። ከሁለተኛው የሚተርፈው ለቆቡና ለቀለበቶቹ ይሆናል።

መገጣጠሚያው ላይ በያጆች የሚሳሳቱት ተደጋጋሚ ነገር አለ። የላይኛው ቱቦ ጫፍ ወደ ታችኛው ውስጥ መግባት አለበት። እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አስበው የላይኛውን ከውጭ ሲያለብሱት፣ ጭሱ ሲቀዘቅዝ ከውስጥ የሚወርደው ጥቁር ቅጥራን በመጋጠሚያው ወጥቶ ቱቦውን ያዥጎረጉረዋል፤ ወለሉ ላይም ይንጠባጠባል። ትክክል ሲሆን ቅጥራኑ ተመልሶ ወደ እሳቱ ይወርድና ይቃጠላል። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ሦስት ቪቲ ይበቃል። ክፍተቱን በሬንጅ ወይም በተራ ሲልከን ማሸግ አያስፈልግም። ቱቦው በደንብ የሚስብ ከሆነ በትንሽ ክፍተት የቤቱ አየር ይገባል እንጂ ጭስ አይወጣም።

ከምድጃው እስከ ኮርኒሱ ግርጌ ያለው ቱቦ ራቁቱን ይቁም፤ ሳሎኑን የሚያሞቀው አንዱ እሱ ነው። ከኮርኒሱ 30 ሳንቲ ሜትር በታች ጀምሮ እስከ አፉ ያለው 3.3 ሜትር ግን ሁለተኛ ቱቦ ይልበስ። የውጭው 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ እዚህ ላይ የዚንክ ቆርቆሮ ይሆናል፣ ከእሳቱ ተለይቷልና። አንድ 1 በ2 ሜትር ቆርቆሮ ሁለት ቁራጭ ስለሚወጣው ሁለት ቆርቆሮ ይበቃል። በመካከሉ ያለው 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ለብሎኬት በሚውለው ቀላል ድንጋይ፣ በፑሚስ፣ ይሞላል። በየሜትሩ 31 ሊትር፣ ለሁሉም 100 ሊትር ያህል ነው። ዱቄቱ ተነፍቶ ከግማሽ እስከ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነው ጠጠር ብቻ ይወሰድ፤ ፀሐይ ላይ ለቀናት ይድረቅ። እርጥብ ፑሚስ ሙቀት አይከለክልም፣ ላሜራውንም ያዝጋል። ሮክ ውል የሚባለው የድንጋይ ሱፍ ከተገኘ ክብደቱ በጣም ይቀላል።

ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። ይህ 3.3 ሜትር የውስጥ ቱቦ እሳቱ ሲበረታ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል፤ የውጭው ግን አይሞቅምና አይረዝምም። ሁለቱ ከታችም ከላይም ከተበየዱ ብየዳው ይሰነጠቃል። ስለዚህ የታችኛው ቀለበት ብቻ ይበየዳል። የላይኛው መክደኛ ከውስጥ ቱቦው ጋር ተይዞ የውጭውን እንደ ባርኔጣ ሸፍኖ ልቅ ይቀመጥ። ዝናብ አያስገባም፣ ቱቦውም እንደ ልቡ ይወጣል ይወርዳል። የውጭው ቱቦ ቁራጮች ደግሞ የሚጋጠሙት በተቃራኒው ነው፤ የላይኛው የታችኛውን ከውጭ ያለብሰዋል፣ ምክንያቱም እነሱን የሚነካቸው ዝናብ ነው።

በፑሚስ የተሞላው ቱቦ በሜትር 25 ኪሎ ገደማ፣ በድምሩ 80 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ይህ ምድጃው ላይ አይጫንም፣ ኮርኒስ ላይም አያርፍም። በጣሪያው ውስጥ ሁለት ተጨማሪ ጠንካራ አግድም እንጨቶች ገብተው፣ በላያቸው የ40 ሚሊ ሜትር አንግል ብረት ይጋደምና ቱቦው በላዩ በተበየደ ቀለበት ይቀመጥ። ከታች የሚመጣው ራቁት ቱቦ ዝም ብሎ ይገጠምበታል፤ ለጽዳት ሲወጣም ሌላው አይነቃነቅም።

አሁን እሳት የሚነሳበት ቦታ ላይ ደረስን። እንጨት ለዓመታት ከትኩስ ቱቦ ጎን ሲቆይ ቀስ በቀስ ይከስላል፤ የከሰለ እንጨት ደግሞ ከአዲሱ በጣም ባነሰ ሙቀት ይያያዛል። ለዚህ ነው አምስት ዓመት ምንም ያልሆነ ቤት በስድስተኛው የሚቃጠለው። ራቁት ቱቦ ከማንኛውም የሚቃጠል ነገር 46 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት። በፋብሪካ የተሠሩና የተፈተኑ ድርብ ቱቦዎች 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃቸዋል፤ በሰፈር በያጅ የተሠራ ግን አልተፈተነም፣ ስለዚህ በየጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር ክፍት አየር እንዲኖረው እመክራለሁ። ኮርኒሱ ላይ የሚቆረጠው ቀዳዳ 55 በ55 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ዙሪያው በእንጨት ፍሬም ይያዝ። አቡጀዲው ወይም ጆንያው ወደ ኋላ ተቆርጦ ፍሬሙ ላይ ይመታ፤ አንዲት ክር እንኳ ወደ ቱቦው እንዳትንጠለጠል። ከሥር በኩል ቀዳዳው በቆርቆሮ ይከደን። ክፍተቱን በጆንያ፣ በጭድ ወይም በስፖንጅ መወተፍ ሙቀት ያስቀራል ተብሎ ይደረጋል፤ ይህ ቤቱን ለእሳት አሳልፎ መስጠት ነው። ኮርኒስ ውስጥ የተዘረጋ የመብራት ሽቦም ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራቅ።

ጣሪያው ላይ የሚያስቸግረው ውሃ ነው። 80 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቆርቆሮ መሐሉ ላይ በሾጣጣ አንገት ይሠራና ቱቦው በውስጡ ያልፋል። የላይኛው ጠርዙ ከላይ ባለው የጣሪያ ቆርቆሮ ሥር ይግባ፣ የታችኛው ጠርዙ ከታች ባለው ላይ ይረፍ። ሁሉም ጠርዝ ከላይ ከሆነ ምንም ዓይነት ማሸጊያ የሐምሌን ዝናብ አይመክትም። ለጣሪያው ጫፍ ቅርብ መሆን እዚህም ይጠቅማል፤ ጠርዙ በቀላሉ ከጫፉ መሸፈኛ ሥር ይገባል። ከሾጣጣው አንገት በላይ ቱቦውን የሚያቅፍ ሁለተኛ ቀለበት ይታሰርና የላይ ጠርዙ ሙቀት በሚችል ሲልከን ይሸፈን። ሬንጅ ግን ይቀልጣል፣ ይቃጠላልም። 1.8 ሜትር ከፍታ ለንፋስ ብዙ ስለሆነ በሁለት አቅጣጫ በብረት ዘንግ ከማገሩ ጋር ይታሰር። አናቱ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቆብ በሦስት እግር፣ ከአፉ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ወፍ እንዳይገባ ተብሎ የሚታሰር ጥቅጥቅ ወንፊት በጥላሸት ይደፈናል፤ ይቅር።

ምድጃው ራሱ ከግድግዳ 90 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የጭቃ ግድግዳ አይቃጠልም የሚል እምነት አለ፤ ነገር ግን ውስጡ እንጨትና ጭድ ነው፣ ላዩ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጋዜጣ ወይም ላስቲክ ተለጥፏል። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ከግድግዳው 2.5 ሳንቲ ሜትር የራቀ፣ ከታችም ከላይም ክፍት የሆነ ላሜራ ይቁም። በኋላው አየር ስለሚዘዋወር ርቀቱን ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ማውረድ ይቻላል። ግድግዳው ላይ ተጣብቆ የተመታ ላሜራ ምንም አይከላከልም። ወለሉ ሲሚንቶ ካልሆነ ሥሩ ጡብ ይነጠፍ፣ ከበሩ ፊት ለፊትም 45 ሳንቲ ሜትር ይትረፍ።

አየር የማይገባበት ቤት ውስጥ የትኛውም ቱቦ አይስብም። በሩ ሥር ጨርቅ ተወትፎ፣ መስኮቱ በላስቲክ ተሸፍኖ ምድጃ ማንደድ፣ ወናፉን አፉን ይዞ እንደ መሳብ ነው። ከምድጃው አጠገብ ዝቅ ብሎ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ይበሳና አይጥ እንዳይገባ በሽቦ ወንፊት ይሸፈን።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት እሳቶች ትንንሽ ይሁኑ፤ በርና መስኮት ክፍት ሆኖ። ቀለሙና በላሜራው ላይ ያለው ዘይት ይቃጠላል፣ ይሸታል። ቱቦው እንደሚስብ ለማወቅ ዕጣን የሚጨስበትን ማጨሻ ወደ መጋጠሚያዎቹና ወደ ምድጃው በር ጠርዝ ማስጠጋት ነው። የዕጣኑ ጭስ ወደ ውስጥ ከተሳበ ጥሩ ነው፤ ወደ ውጭ ከተገፋ ምክንያቱ ሳይገኝ እሳቱ አይጨመር። ጠዋት ላይ ቱቦው ቀዝቅዞ አየሩ ወደ ታች ሊጫን ይችላል። ያን ጊዜ ጭራሮ ከመለኮስ በፊት አንድ የተጠቀለለ ጋዜጣ ምድጃው ውስጥ ከቱቦው መግቢያ ሥር ማንደድ ይበቃል።

ከሁሉ በላይ ቱቦ የሚያበላሸው ግን ማገዶው ነው። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። እሳቱ መጀመሪያ ያን ውሃ ያተናል፣ ጭሱ ይቀዘቅዛል፣ ከ120 ዲግሪ በታች የወረደ ጭስ ደግሞ ቱቦው ግድግዳ ላይ ቅጥራን ሆኖ ይጣበቃል። ፍልጡ ቀጠን ተደርጎ ተፈልጦ ከዝናብ ተጠልሎ ቢያንስ ስድስት ወር ይቀመጥ፤ መስከረም መጨረሻ ላይ የተፈለጠ ለዚያ ዓመት ውርጭ አይደርስም። የደረቀው ጫፉ ተሰነጣጥቋል፣ ሁለቱ ሲጋጩም ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣሉ። ሌላው ልማድ ምድጃውን በማገዶ ሞልቶ አየሩን ዘግቶ ማሳደር ነው። ሌሊቱን ሲታፈን ያደረ እሳት በአንድ ሌሊት የሚያስቀምጠው ቅጥራን በደረቅ ማገዶና በግልጽ ነበልባል ብዙ ቀን ከሚከማቸው ይበልጣል። ከዚህ ይልቅ አመሻሽ ላይ ሞቅ አድርጎ አንድዶ፣ ምድጃው ዙሪያ ድንጋይ ወይም ጡብ አሙቆ፣ እሳቱ ራሱ እንዲከስም መተው ይሻላል። ቱቦው ላይ የአየር መዝጊያ ካለም ሙሉ በሙሉ የማይዘጋ ይሁን፤ ሲዘጋ እንኳ ጥቂት ክፍት ይቅር፣ አለዚያ ፍሙ ላይ የሚዘጋ እጅ ማንደጃውን መልሶ አመጣው ማለት ነው።

ቅጥራኑ በዝቶ ከተያያዘ ቱቦው ውስጥ እንደ ወራጅ ወንዝ የሚያጓራ ድምፅ ይሰማል፣ ላሜራውም ይቀላል፤ ውስጡ ከ1,000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። የምድጃው በርና የአየር ማስገቢያው ይዘጋ፣ ሰው ሁሉ ከቤት ይውጣ፣ እርዳታ ይጠራ። ቱቦው ውስጥ ውሃ ከተደፋ እንፋሎቱ ይፈነዳል፣ ብረቱም ይሰነጠቃል። እሳቱ ቢጠፋም ከላይ እስከ ታች ሳይመረመር ዳግም አይነደድበት።

ይህ እንዳይደርስ በብርዱ ወራት በየወሩ ጽዳት ነው። የጥላሸቱ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ወሩም አይጠበቅ። ቆቡ ይነሳና በገመድ የታሰረ የሽቦ ብሩሽ ከላይ ይወርዳል። ምድጃው በር ላይ እርጥብ ጆንያ ካልተሸፈነ ሳሎኑ ይጠቁራል። ከውርጩ በፊት፣ መስከረም ላይ፣ ራቁቱ ቱቦ ወጥቶ ከውጭ በእጅ ይዳበስ፤ በተለይ ከምድጃው አናት በላይ ያለው የመጀመሪያው ሜትርና መጋጠሚያዎቹ። በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚሰረጎድ ቦታ ካለ ያ ቁራጭ ከመጀመሪያው እሳት በፊት ይቀየር።